ከመዳፍ የተረፈ ቅባት

እኔ ፊቴን በቀን አምስት ጊዜ ነበር የምታጠበው። ስነሳ፣ ሥራ ልገባ ስል፣ ከምሳ በኋላ፣ ሥራ ስወጣ፣ ልተኛ ስል። በዚህ ሁሉ ላይ ሰው አይቶኝ "ምናለ ፊትሽን ብትታጠቢ" ሲለኝ ቆሽቴ ባያርር ነበር የሚገርመው። የሚለኝ ደግሞ አንድ ሁለት ሰው አይደለም። ጎረቤቷ ትለኛለች፣ ዳቦ ሻጩ ይለኛል፣ የገዛ እናቴ እንኳ አፍ አውጥታ ባትናገርም አዲስ ሳሙና እየገዛች ትራሴ አጠገብ ታስቀምጥልኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ረፋዱ ላይ ወዙ ይወጣና ፊቴ ያልታጠበ መጥበሻ ይመስላል። ግንባሬ ላይ፣ በፀጉሬ ጠርዝና በጆሮ ግንዴ በኩል ደግሞ ጥቃቅን ነገር ችፍ ችፍ ብሎ ወጥቷል። ወግ ያለው ብጉር እንኳ አይደለም። አይቀላ፣ አያብጥ፣ አያምም። በጣት ሲዳሰስ ደቃቅ አሸዋ ነው። ትልቅ ብጉር እኮ ቢያንስ ይበስላል፣ ይፈነዳል፣ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ልቀቅ ቢሉት እንቢ እንዳለ ተከራይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

የምሠራው አክስቴ ፀጉር ቤት ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ማጠብ፣ መጠቅለል፣ መተኮስ፣ መሥራት፣ ሁሉንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ቆሜያለሁ። እጇ ወርቅ ነው። አፏም ቢሆን አይሰንፍም። ፀጉር ቤቷን ያስጠራው ግን በገዛ እጇ የምትሠራው የፀጉር ቅባት ነው። ከምን ከምን እንደምታደርገው ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። ወፍራም ነው፣ ቢጫ ነው፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ደንበኛ ሁሉ በብልቃጥ ይዞት ይሄዳል።

እና አክስቴ አንድ ልማድ አላት። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሠራተኞቿን መስታወቱ ፊት ታስቀምጥና በራሷ እጅ ፀጉራችንን ትቀባናለች። ቅባት የምትሸጥ ሴት ፀጉሯ ከደረቀ ማን ያምናታል ትላለች፤ እሱስ እውነቷን ነው። ፀጉሩን ስትጨርስ ግን መዳፏ ላይ የተረፈውን በጨርቅ አትጠርገውም። ከግንባራችን ጀምራ እስከ ጉንጫችን በሁለት እጇ ታብስና "ፊትሽ ይብራ" ትላለች። ምርቃት መሆኑ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው። ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ ፊቴ ይብራ ተብሏል። በርቷልም፤ ከመንገድ ማዶ ይታያል።

እናንተ አሁን ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት አልገባኝም።

አክስቴ ራሷ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ነው የምታስረው። የፀጉር ቤት ባለቤት ፀጉር ከደንበኛው ፀጉር ጋር መወዳደር የለበትም ትላለች። ባልደረባዬ ራዲዮ፣ ራዲዮ የምንላት አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው፣ ይሄን ሻሽ በተመለከተ ብዙ ቀልድ አላት። አንዱም ለአክስቴ ጆሮ አይሆንም።

አምና መጨረሻ ላይ አክስቴ ከእኛ ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ ሌላ ቤት ያዘች። ሦስት ወንበር፣ ሁለት መታጠቢያ፣ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መስኮት። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የኃላፊዋ ነው። ያን ወንበር ሳየው የእኔ ነው አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ሰው ጭንቅላት ላይ ያጎነበስኩት ለሌላ ለምን ነበር? አክስቴ ግን አገጬን በጣቷ ቀና አድርጋ፣ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችኝና፣ "መስኮት ላይ የሚቀመጠው ፊት ነው። ፊትሽ ሲጠራ ቁልፉን ትወስጃለሽ" አለችኝ። ቁልፉን በቀይ ክር አስራ ትልቁ መስታወት ጎን ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ካልጠራስ ብዬ አልጠየቅኩም። ራዲዮ ፊቷ እንደ ሕፃን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላደረግኩት የለም። ሎሚ ቀባሁ፤ አቃጠለኝ። የጥርስ ሳሙና ቀብቼ አደርኩ፤ ላጠኝ። ራዲዮ ስልኳ ላይ አየሁት ብላ ስኳር በሳሙና ለውሼ እንድፈትግ መከረችኝ፤ ፈተግኩ፣ ድስት የማጥብ ይመስል ፈተግኩ። ጭቃ ለጠፍኩ። ከሰል ለጠፍኩ። አንድ ቀን ከሰሉ አልነሳ ብሎኝ ግማሽ ፊቴ ጥቁር እንደሆነ በር ተንኳኳና ለጎረቤቷ ከፈትኩላት፤ እስካሁን ስታየኝ ትስቃለች። ውጤቱ? ቆዳዬ ቀልቶ ይላላጣል፣ በላዩ ላይ ወዙ እንዳለ ነው፣ ችፍታውም እንዳለ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

አክስቴ መላላጡን አይታ አዘነችልኝ። ደርቀሻል እኮ አለችና ማታ ማታ ቤቴ የምቀባው ቅባት በትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ፤ ጠዋትም መዳፏን ግንባሬ ላይ ጠበቅ አድርጋ ማበስ ጀመረች። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። በወሩ ችፍታው ወደ ጉንጬ ወረደ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ አድርጌ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ መልኬ ብቻ አይደለም። ሥራ እችላለሁ፣ ደንበኛ ይወደኛል፣ እና አሸዋ የሚያህል ነገር ከወንበሬ ያስቀረኛል? አናቴ ላይ የወጣው እሱ ነው።

በመጨረሻ ቆዳ ሀኪም ዘንድ ሄድኩ። ሀኪሟ ትልቅ መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በመብራትና በአጉሊ መነጽር ግንባሬን ለረጅም ጊዜ አየችው። በምን እንደምታጠብ ጠየቀችኝና አንድ በአንድ ስዘረዝርላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሎሚው ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ፊቴን ትታ ወደ ፀጉሬ ዞረች። ምን እንደምቀባ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ በኩራት ነው የመለስኩላት! የአክስቴ የእጅ ሥራ ነው፣ እንደሱ ያለ የትም አይገኝም አልኩና ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

ሀኪሟ ከቅባቱ በጣቷ ጫፍ ወስዳ ነጭ ወረቀት ላይ አሸችውና ወደ መስኮቱ ያዘችው። ወረቀቱ ብርሃን አሳለፈ። ሌላ ሌላውን ስትነግረኝ ቆይታ ወረቀቱን መልሳ አሳየችኝ፤ አልደረቀም።

"የቆዳሽ ወዝ የሚወጣው በጥቃቅን ቀዳዳ ነው" አለችኝ። "ይሄ በየቀኑ ከላይ ከተደፈነበት በየት በኩል ይውጣ?"

ከዚያ በኋላ ያለችኝን ጽፌ ነው የያዝኩት። ፊቴን በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በለስላሳ መታጠቢያ፣ ሳልፈትግ። ማታ ማታ የታዘዘልኝን ቅባት በስሱ። ቀዳዳ የማይደፍን ቀለል ያለ ማለስለሻ፤ ወዛም ፊት ማለስለሻ አያስፈልገውም ያለኝ ሁሉ ተሳስቷል። ችፍታውን እንዳልጎረጉረው። የትራስ ልብሴን ቶሎ ቶሎ እንድቀይር። ከሁሉ በላይ ግን የፀጉር ቅባቱ ግንባሬን እንዳይነካ። መጀመሪያ ላይ እንደሚብስ፣ ተስፋ እንዳልቆርጥ፣ ስድስት ሰባት ሳምንት እንድጠብቅ ነገረችኝ። ከክሊኒኩ ስወጣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈልቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት! በየጠዋቱ ተመርቄ፣ በየማታው ታጥቤ፣ በመሀል የተሰደብኩት እኔ።

በነጋታው ለአክስቴ ነገርኳት። ምላሴን በቆረጠው። ተቆጥታ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ማበጠሪያውን አስቀመጠችና፣ እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ተቀብታ እንደኖረች፣ እሷንም ቀብታ እንዳሳደገቻት፣ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ሀኪም እንዳልሆነ ነገረችኝ። ከዚያ አቀርቅራ፣ "ምርቃቴን ነው የምትጠርጊው?" አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እላለሁ በሆዴ፣ በአፌ ግን ኧረ በጭራሽ አልኩ። ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተቀባሁ፣ ታበስኩ፣ ፊቴ ይብራ ተባልኩ።

ስለዚህ ሌባ ሆንኩ። አክስቴ መዳፏን ከፊቴ እንዳነሳች ፎጣ ላምጣ ብዬ ጓዳ እገባለሁ፤ ግንባሬን፣ የፀጉሬን ጠርዝ፣ የጆሮዬን ኋላ በዚያ በለስላሳው መታጠቢያ አጥባለሁ፤ ፀጉሬን በጨርቅ ወደኋላ ሰብስቤ እወጣለሁ። የጠዋቱ እጥበት በቃ ይሄ ሆነ። ማታ ፀጉሬን እታጠባለሁ። በሦስተኛው ቀን ራዲዮ ጓዳ ገብታ ሳሙና በግንባሬ ላይ እንዳለ ያዘችኝ። አለቀልኝ አልኩ፤ እስከ ምሳ ድረስ ሰፈሩ ይሰማል። ራዲዮ ግን ፎጣ አቀበለችኝና በሩን ዘግታልኝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ እኔ ጓዳ ስገባ አክስቴን በወሬ የምትይዛት እሷ ሆነች። ሰው አይናቅም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ሲኦል ነበር። ያልነበረበት ቦታ ሁሉ ወጣ። ስልኬን አንስቼ ሀኪሟን ልሰድባት ቁጥሯን አንድ ሁለቴ ፈልጌያለሁ። አራተኛው ላይ ቆመ። አምስተኛው ላይ አንድ ቀን ግንባሬን በእጄ ጀርባ ዳሰስኩትና አሸዋው የለም። ስድስተኛው ላይ ደንበኞች ምን ተቀብተሽ ነው ማለት ጀመሩ። ወዙ እንኳ ወጉን ይዞ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ብልጭ ይልና ይቆማል።

አክስቴ አገጬን ቀና አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። የዘጠኝ ዓመት ድካሜ ፍሬ አፈራ አለች። ከዚያ ጠበቅ አድርጌ ማበስ ከጀመርኩ ወዲህ እኮ ነው አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ቅዳሜ ማታ ቁልፉን እሰጥሻለሁ ስትለኝ ደግሞ ዝምታዬ የበለጠ ጣፈጠኝ።

በዚያው ሳምንት ትንንሽ ብልቃጥ አስመጣች። ቢጫውን ቅባት ሞላችባቸውና በገዛ እጇ ጽሑፍ "ለፊት" የሚል ወረቀት ለጠፈችባቸው። ፀጉር ሊሠራ ለመጣው ሁሉ እኔን እያሳየች፣ የበፊቱን ፊቴን ታስታውሱት የለ፣ ትላቸው ጀመር። እኔ እንደ ናሙና ብድግ እላለሁ። በሆዴ ትልቅ ሰው ነው፣ የማይስማማው ይተወዋል እላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት የቆየች ደንበኛ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አስራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯን ወደፊት አውርዳ ቅንድቧ ድረስ ሸፍናለች፣ ስታወራ ታቀረቅራለች፣ መስታወት ፊት ተቀምጣ መስታወቱን አታይም። እናቷ ፀጉሯን በእጇ ገፋ አድርጋ ግንባሯን አሳየችን። የእኔው ነው። ያው አሸዋ፣ ያው ቦታ፣ በሎሚ ይሁን በምን የተላጠው ሳይቀር። እናትየው ከአክስቴ ተምራ በየጠዋቱ ፀጉሯን እንደምትቀባት፣ የተረፈውንም በግንባሯ እንደምታብስላት በኩራት ነገረችን። አክስቴ አንዱን "ለፊት" አንስታ ለእናትየው እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ወደ እኔ ጠቆመች።

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ያየችው አክስቴን አይደለም፣ እናቷንም አይደለም።

"እውነት ይሄ ነው ያጠፋልሽ?" አለችኝ።

ቁልፉ ከልጅቷ ራስ በላይ፣ በቀይ ክሩ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። አዎ ማለት አንድ ቃል ነው። ዝም ብሎ ፈገግ ማለትም ይበቃል። ማታ ቁልፉ ኪሴ ይገባል፣ ሰኞ መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ። ልጅቷ ደግሞ ብልቃጡን ይዛ ቤቷ ትገባለች፣ ባልጠፋ ቁጥር ትጨምራለች፣ በጨመረች ቁጥር ፀጉሯን ወደፊት ታወርዳለች፣ ሰውም ፊትሽን ታጠቢ ይላታል። ይሄን ሁሉ ያሰብኩት ማበጠሪያውን ከአንድ እጄ ወደ ሌላው እስካዛውር ነው።

"አይደለም" አልኩ። "እኔን ያዳነኝ ይሄን መተው ነው። በየጠዋቱ ጓዳ እየገባሁ አጥበው ነበር።"

አንዲት ደንበኛ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ ማድረቂያው እየጮኸ ነው። ራዲዮ እጇን ሰድዳ አጠፋችው። ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ የእኔ ብቻ ሆነ፤ ከጀመርኩ አይቀር ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሁለት ጊዜ ታጠቢ፣ አትፈትጊ፣ ፀጉርሽን ከተቀባሽ ግንባርሽን አታስነኪው፣ ሀኪም ትይሽ፣ መጀመሪያ ይብሳል። እናትየው ብልቃጡን ቀስ አድርጋ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። አክስቴ አነሳችው፣ ክዳኑን አጠበቀችው፣ ጓዳ ገባች።

ስንዘጋ ራዲዮን አሰናበተቻት። በሩን ከውስጥ ቆለፈች። እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፤ ማበጠሪያዎቼን፣ መቀሴን፣ ነጠላ ጫማዬን። እሷ መታጠቢያው ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች።

ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ስሠራ ግንባሯን አይቼው አላውቅም ነበር። ከፀጉሯ ጠርዝ እስከ ቅንድቧ ችፍ ብሏል፤ ከችፍታው መሀል ተጎርጉሮ የጠቆረው ጠባሳ ይበልጣል። መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት።

"ስንት ሳምንት ነው ያልሽው?" አለች።

"ስድስት። መጀመሪያ ላይ ይብሳል።"

"እኔ ይሄን ይዤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አሁን ይጠራል፣ ትንሽ ልጨምር እያልኩ።" አንገቷን ወደኋላ ጣል አደረገች። "እጠቢኝ። ያልሽው እውነት ከሆነ በእኔ ፊት ይታያል። ያን ቀን ቁልፉን ትወስጃለሽ።"

ሌላ ስድስት ሳምንት! ልጮህ ነበር። ፊቷን አየሁና ውሃውን ከፈትኩ። አራት ጊዜ ሳሙና አደረግኩላት፤ በአራተኛው ነው ውሃው አረፋ የያዘው።

አሁን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለኝ ሰው ይምጣና እኔን ያነጋግር። "ለፊት" የሚለው ወረቀት ከብልቃጦቹ ላይ ተልጧል፤ የጠዋቱ መዳፍም ቀርቷል፤ እስከዚህ ጥሩ ነው። አዲሱ ቤት ግን እንደተዘጋ ነው፣ መስኮቱ አቧራ ለብሷል። እኔ በየጠዋቱ አክስቴን አስቀምጬ አገጯን ወደ ብርሃኑ አዞራለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ባሰባት፣ ሰደበችኝ። ሦስተኛው ላይ ሰደበችኝ። አራተኛው ላይ ቆመ፤ ሰደበችኝ፣ ግን ቀለል አድርጋ።

ትናንት፣ አምስተኛው ሳምንት ሊገባ ሲል፣ ፀጉሯን ላጥብ ጎንበስ ብል ከጆሮዋ ኋላ ያ ሽታ መጣብኝ። ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ያንሸራትታል። ሙልጭ አድርጌ ልሰድባት አፌን ከፈትኩ። ምን ማለትሽ ነው፣ እዚህ ከደረስን በኋላ፣ አልኳት።

"ትንሽ ናት" አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። "ሽታው እናቴን እናቴን ይለኛል። ናፈቀችኝ።"

ቆሽቴ አሯል፤ አልዋሽም። ውሃውን ለብ አድርጌ አጠብኳት፣ በፎጣ አደረቅኳት። ከዚያ ምንም ያልነካው ደረቅ መዳፌን ከግንባሯ ጀምሬ እስከ ጉንጯ አበስኩና "ፊትሽ ይብራ" አልኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ አሜን አለች። እንደገና ከአንደኛው ሳምንት ጀምረናል።